«ከምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ «እኔ ሒሳብ አልችልም» ብሎ ልጁን ለአስጠኚ የሚተው ወላጅ ብዙ ነው። ፐርሰንትን ግን ገበያ የምትወጣ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ልጆቻችን ነጥብ የሚጥሉት ብዙውን ጊዜ ማባዛትና ማካፈል አቅቷቸው ሳይሆን «ከምኑ?» ብለው ስለማይጠይቁ ነው።

እዚሁ ተክለ ሃይማኖት ካለ ሱቅ ጫማ ገዛችሁ እንበል። ደረሰኙ ቫትን ጨምሮ 2,300 ብር ይላል። ቫቱ 15 በመቶ ነው። ጫማው ከቫት በፊት ስንት ነበር? ልጁ ፈጠን ብሎ የ2,300ን 15 በመቶ ያወጣና 345 ያገኛል፤ ከዚያ ቀንሶ 1,955 የሚለውን ያጠቁራል። ፈተና አውጪው ልጁ የት እንደሚሰናከል ስለሚያውቅ ይህችን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጥ ይወዳል!

ቫቱ የተጨመረው ግን በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። እርሱ 100 እጅ ከሆነ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው 115 እጅ ነው ማለት ነው። 2,300ን ለ115 ስናካፍለው አንዱ እጅ 20 ብር ይመጣል፤ መቶው እጅ 2,000 ብር ነው። ቫቱ 300 ብር ብቻ። ማመሳከሪያውም ቀላል ነው፦ የ2,000 አሥር በመቶ 200፣ የዚያ ግማሽ 100፣ ሲደመር 300። (አሥራት የሚያወጣ ቤት አሥር በመቶን ከማን ይማራል?)

ሌላም አለ። 2,000 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ጨመረ፤ ቆይቶ 20 በመቶ ቀነሰ። «ወደ ቦታው ተመለሰ» የሚል ልጅ ተሳስቷል። ጭማሪው ከ2,000፣ ቅናሹ ግን ከ2,400 ነው የተሰላው፤ ዋጋው 1,920 ብር ይሆናል።

ለ12ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የራሱን ፈተና ውጤት አቅርቡለት። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በስንት አደገ? 2.2 ነጥብ ነው ቢል ልክ ነው። ከ3.2 አንጻር ወደ 69 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት ነው ቢልም ልክ ነው። ያለፉት ልጆች ቁጥር ግን ከ27,267 ወደ 36,409 ነው ያደገው፤ ይህ 33.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም በ2016 የተፈተኑት ራሳቸው ቀንሰዋል። በዚህ ላይ ጥያቄውን ደግሞ የማያነብ ልጅ ትክክለኛ ስሌት ሠርቶ ስሕተት ሊያጠቁር ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። ከ5.4 አንጻር ስንት በመቶ አደገ? ከእራት በኋላ ጠይቁት። 3 ብሎ ከመለሰ አትቆጡት፤ «ከምኑ?» በሉትና ጠብቁት።