ሰው ሠራሽ ዳሌና የቀድሞው ሜዳ

ሕመም የሚወደውን ጨዋታ ያስተወው ሰው ሐኪሙን «ወደ ሜዳ እመለሳለሁን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «አዎን» ወይም «የለም» ብቻ ብሎ መመለስ አይቻልም። አስቀድሞ «ወደ የትኛው ሜዳ?» ማለት ያስፈልጋል።

የስኮትላንዱ የቴኒስ ተጫዋች አንዲ ሙሬይ በዊምብልደን በ2013 እና በ2016 ያሸነፈ ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ብርቱ ሰው በጃንዋሪ 2019፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ ሜልቦርን ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ። የቀኝ ዳሌው ከመታመሙ የተነሣ ጫማና ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ሥቃይ ሆኖበት ነበር።

የዳሌ መገጣጠሚያ ማለት የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ነው። በመካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። በተለመደው ሕክምና የአጥንቱ ራስ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ይተካል። ለሙሬይ ግን በዚያው ወር ለንደን ውስጥ የአጥንቱ ራስ ሳይቆረጥ የብረት ቆብ ተደረገለት፤ ጎድጓዳውም በብረት ተለበጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ እንበል። ብቻውን ለመጫወት አልቸኮለም። በጁን 2019 ለንደን ላይ ከስፔኑ ፌሊሲያኖ ሎፔዝ ጋር በጥንድ ገብቶ ዋንጫ ወሰደ፤ በጥንድ ጨዋታ ሜዳው ለሁለት ስለሚከፈል ሩጫው ይቀንሳልና። በኦክቶበር ደግሞ አንትወርፕ ላይ ብቻውን ተጫውቶ ቫቭሪንካን አሸነፈ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ያው የቀድሞው ሙሬይ ተመለሰ ማለት አይደለም። ከዚያ ወዲያ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በነጠላ ጨዋታ ከሦስተኛው ዙር አላለፈም። ሆኖም እስከ 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ የሚወደውን ጨዋታ ተጫውቷል።

አሜሪካዊው ቦ ጃክሰን ደግሞ የቤዝቦልና የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ1991 በፉትቦል ሜዳ ዳሌው ተጎዳና በ1992 ሰው ሠራሽ ዳሌ ተተካለት። በ1993 ወደ ቤዝቦል ተመልሶ በመጀመሪያው ተራው ኳሷን ከሜዳው ውጭ ሰደዳት። ወደ ፉትቦል ግን አልተመለሰም። አንዱን ጨዋታ ትቶ ሌላውን ማትረፉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕያው አጥንት ሲሠራ ይጠነክራል፤ ሰው ሠራሹ ግን እንደ መኪና ጎማ ሲሠራ ያልቃል። መጠንከር የሚችለው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው። ስለዚህም ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መራመድን፣ ዋናንና ብስክሌትን ይፈቅዳሉ፤ የጥንድ ቴኒስንም ለለመደው ሰው አይከለክሉም። ግጭት የበዛበትን ጨዋታ፣ ዝላይንና የረዥም ጊዜ ሩጫን ግን አብዛኞቹ አይመክሩም። ወደ ጨዋታ የሚመለሱትም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከቆዩ በኋላ ነው። የእያንዳንዱን ሰው መጠን የሚወስነው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ነው።

ውድ አንባቢ፣ አንተ ገና ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ነህና ይህ ጉዳይ የሩቅ ይመስልህ ይሆናል። ነገር ግን አባትህ ወይም አጎትህ ከእንዲህ ያለ ሕክምና ተነሥተው የድሮውን ኳስ ሲመኙ ታይ ይሆናል። ያን ጊዜ «አርፈው ይቀመጡ» አትበላቸው፤ መቀመጥ ጡንቻን ያደክማልና። «እንደ ድሮዎ ይሩጡ» ብለህም አታነሣሣቸው። ከሁሉ የሚሻለው ማለዳ ተነሥተህ አብረሃቸው በእግር መሄድ ነው።