ሰባቱ ወይስ ዘጠኙ? የኪት አውሮፕላን ገዢ ገንዘቡን የት ያውል

አንድ ነጋዴ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ከሩቅ ሲታዩ የማይለዩና ዋጋቸውም የተቀራረበ ሁለት ዕቃዎች ቢቀርቡለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልዩነታቸውን ነው። «ልዩነቱ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን ዛሬ የሚያነሳው ከወትሮው ራቅ ብሎ፣ በአሜሪካ የኪት አውሮፕላን ገበያ ነው። ሸቀጡ ለአንባቢያን እንግዳ ቢሆንም ቀብዱ፣ ጥበቃውና ጭቅጭቁ እንግዳ አይሆኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ግለሰብ ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ብሎ ከሥራው አብዛኛውን ክፍል በራሱ እጅ ከሠራ፣ የገጣጠመውን አውሮፕላን አስመርምሮ ማብረር ይችላል። ለዚህ ገበያ ከሚያቀርቡት ሁሉ ስሙ ገኖ የሚጠራው በኦሪገን ግዛት አውሮራ የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት ሲሆን፣ መሥራቹ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን ይባላሉ። በኩባንያው ኪት ተሠርተው የበረሩ አውሮፕላኖች ከ11,000 በላይ ናቸው። ለገዢው የሚደርሰው በሳጥን የታሸገ፣ የተቆረጠና የተበሳ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ሞተሩ፣ ማራገቢያውና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹ ለየብቻ ይገዛሉ። አዲስ ሞተር ብቻውን ዋጋው ከኪቱ ጋር የሚወዳደር ነው። ቀሪው በጋራዥ ውስጥ ሪቬት እየመቱ ማምሸት ነው።

ከኩባንያው ምርቶች መካከል ገዢን የሚያወላውሉት አርቪ 7 እና አርቪ 9 ናቸው። ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫ ሲሆኑ፣ ሰዎቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አካላቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ዋናው ልዩነት ክንፉ ላይ ነው። የ7 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.6 ሜትር ሲሆን የ9 ደግሞ 8.5 ሜትር ነው። 7 ከ150 እስከ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይሸከማል፤ 9 ከ118 እስከ 160 ብቻ ነው የተፈቀደለት። 7 በአየር ላይ መገለባበጥ ይችላል፤ 9 ለዚህ አልተሠራም። ነዳጅ 7 ወደ 159 ሊትር፣ 9 ወደ 136 ሊትር ይይዛል።

እስካሁን ላነበበ ሰው 7 አሸናፊ ይመስላል። ይሁንና ሁለቱም ባለ 160 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲገጠምላቸው ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው። በሌላ በኩል ሙሉ ጭነት ይዞ 7 በሰዓት ወደ 93 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ክንፉ መሸከም ያቆማል፤ 9 ግን እስከ 80 ድረስ ይታገሣል። ይህ ማለት 9 በዝግታ ይነሣል፣ በዝግታ ያርፋል፣ ሞተሩ ቢጠፋም ርቆ ይንሳፈፋል ማለት ነው። ረጅሙ ክንፍ አየሩ በሳሳበት ከፍታም ይበልጥ ይረዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ማረፊያ ስለሆነ፣ ከፍታ አውሮፕላንን ምን ያህል እንደሚያደክም ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻም።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ሒሳቡን ግን መሥራት እችላለሁ። አንድ ኪት ሠርቶ ለመጨረስ በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ይፈጃል ይባላል። በሳምንት 10 ሰዓት የሚያገኝ ሠራተኛ 2,000ውን ሰዓት ለመሙላት አራት ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። በእነዚያ ዓመታት ሊሠራው ይችል የነበረው ሌላ ሥራ በደረሰኝ ላይ ባይጻፍም ወጪ ነው። ይህን ሁሉ ከፍሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቱን አሳፍሮ ምሳ በልቶ ለሚመለስ ሰው የመገለባበጥ ችሎታና ባለ 200 ፈረስ ጉልበት ሞተር ምን ይፈይዱለታል? ከመርካቶ ሳሪስ ዕቃ ለማመላለስ ተሳቢ የሚገዛ ሰው ይመስለኛል።

የ7 ደጋፊዎች መከራከሪያ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። ተገንብተው የሚበሩት 7ዎች ከ9ኞቹ ይበዛሉ፣ ፈላጊያቸውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ መሸጥ ሲመጣ ቶሎ ይሸጣል ይላሉ። ደላላ ቢጠየቅ እርሱም ይህንኑ ይል ነበር። ግን አራት ዓመት የደከመበትን ዕቃ ገና ሳይጀምር ለሌላ ገዢ ፍላጎት ብሎ መምረጥ ለእኔ አይዋጥልኝም። ለመገለባበጥ የሚፈልግ 7ን ይግዛ፤ መንገደኛ ግን 9 ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቀብዱ እንምጣ። ኩባንያው በኮቪድ ወቅት ትዕዛዝ ጎረፈለት። ሥራውን ለማፍጠን በመሣሪያ ይበሳ የነበረውን ላሜራ በሌዘር ማስቆረጥ ጀመረ፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ለሪቬቱ ሲደፈጠጡ ስንጥቅ ታየባቸው። ኩባንያው በምርመራ አብዛኞቹ ክፍሎች ለአገልግሎት ብቁ መሆናቸውን ቢገልጽም ብዙ ደንበኞች ይቀየርልን አሉ። በከፊል ተገጣጥመው የሚሸጡ ኪቶችም በዝገት መከላከያ ቀለም ጉድለት ተመለሱ። በዚህ ላይ ቀደም ሲል የተዋዋለበት ዋጋ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው «ምዕራፍ 11» በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ከአበዳሪዎች ጥበቃ ጠየቀ።

ቀብድ የከፈለው ሰው ሁለት መንገድ ቀረበለት። አንደኛው በአማካይ 32 በመቶ ገደማ የጨመረውን አዲስ ዋጋ ተቀብሎ ትዕዛዙን መቀጠል ሲሆን፣ ሌላው ውሉን ትቶ ዋስትና ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር መሰለፍ ነበር። ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው የጠበቁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ይህ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ኩባንያው በ2024 ከዚህ ጥበቃ ወጥቶ ሥራውን ቀጥሏል። ገዢው ግን በሁለቱ ሞዴሎች ልዩነት ሲከራከር፣ ገንዘቡን የያዘውን ድርጅት ሒሳብ የመረመረው ከረፈደ በኋላ ነው።

እንደ እድል ሆኖ ኪቱ በክፍል በክፍል ይሸጣል። መጀመሪያ ጭራው፣ ከዚያ ክንፉ፣ ቀጥሎ አካሉ፣ በመጨረሻም ማጠናቀቂያው ይመጣል። ስለዚህ ጭራውን ሠርቶ ሳይጨርስ ለሞተር ገንዘብ ማስያዝ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የ7 እና የ9 አግድም ጭራ አንድ አይደለም። «ጀምሬ ወደፊት እወስናለሁ» የሚል ገዢ የመጀመሪያውን ሳጥን ባዘዘ ዕለት ወስኗል።