ቃሉን የሚጠብቅ ፊደል

ልጆች ሆይ፥ ፊደል ለአንባቢ የተሰጠ የተስፋ ቃል ነው። «ለ» የተባለው ፊደል ዛሬ «ለ» ተብሎ ከተነበበ ነገም «ለ» ተብሎ ሊነበብ ይገባዋል። በመጽሐፉ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ሰጥቶ በመጽሐፉ መጨረሻ ሌላ ድምፅ ቢሰጥ፥ ዛሬ እሺ ብሎ ነገ እንደሚክድ ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አያምነውም፤ እንዲህ ያለውንም ፊደል ተማሪ አያምነውም።

በእንግሊዞች ጽሕፈት ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ይገኛል። እነርሱ ቢላዋን «ናይፍ» ይሉታል፤ ሲጽፉት ግን በቃሉ ፊት «ኬ» የሚባለውን ፊደል ያኖራሉ። ይህ ፊደል በዐይን ይታያል እንጂ በጆሮ አይሰማም። ልጁ የተጻፈውን ሁሉ ቢያነብ «ተሳሳትህ» ይባላል፤ የሰማውን ብቻ ቢጽፍም «ተሳሳትህ» ይባላል። እንግሊዞች ይህን ያደረጉት ልጅን ለማስቸገር ብለው አይደለም። የቀድሞ አባቶቻቸው ያን ድምፅ በእውነት ይናገሩት ነበር፤ አንደበት ከዘመን ጋራ ሲለወጥ ግን ጽሕፈቱ በነበረበት ቀረ።

እንግዲህ ከአባቶች ያልተወረሰ፥ አንድ ሰው ብቻውን አስቦ የሠራው ቋንቋ ቢኖር ጽሕፈቱ እንዴት ያለ ይሆን ነበር? እንዲህ ያለ ቋንቋ በእውነት አለ፤ ስሙም ኤስፔራንቶ ይባላል።

ቋንቋውን የሠራው ሉድቪክ ዛመንሆፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓመት ቢያሊስቶክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ በፖላንድ አገር ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረች። በከተማይቱ ሩሶች፥ ፖላንዳውያን፥ ጀርመኖችና አይሁድ ይኖሩ ነበር። ሁሉም በየቋንቋቸው ይናገሩ ነበርና እርስ በርሳቸው አይተማመኑም፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን እንደ ጠላት ያየው ነበር። ዛመንሆፍ የአይሁድ ልጅ ነበረ፤ ይህንንም እያየ አደገና በልቡ አዘነ። ካደገም በኋላ የዐይን ሐኪም ሆነ፤ የሰው ሁሉ ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን የሚችለውንም ቋንቋ መሥራቱን አልተወም። በ1887 ዓመት ዋርሶ በምትባል ከተማ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ስሙንም ሰውሮ «ዶክቶር ኤስፔራንቶ» ብሎ ጻፈ፤ ኤስፔራንቶ ማለት በዚያ ቋንቋ «ተስፋ የሚያደርግ» ማለት ነው። በኋላም ሰዎች ቋንቋውን በዚሁ ስም ጠሩት።

አሁን የፊደሉን ሥርዓት ተመልከቱ። የኤስፔራንቶ ፊደላት 28 ናቸው፤ የተወሰዱትም ከላቲን ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱም ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ አለው። ተጽፎ የማይነበብ ፊደል የለም፤ ተነግሮ የማይጻፍ ድምፅም የለም። ድምፅ ከፍ ብሎ የሚነገረውም ሁልጊዜ ከቃሉ መጨረሻ ሁለተኛ በሆነው ክፍል ላይ ነው። አባትን «ፓትሮ» ሲሉ ድምፁ በ«ፓ» ላይ ይነሣል፤ እናትን «ፓትሪኖ» ሲሉ በ«ትሪ» ላይ ይነሣል፤ ተማሪ ቤትን «ሌርኔዮ» ሲሉ በ«ኔ» ላይ ይነሣል። ስለዚህ ፊደሉን ያወቀ ልጅ ትርጓሜውን የማያውቀውን ቃል እንኳ ሳይፈራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

የላቲን ፊደል ለ«ሽ» እና ለ«ች» ድምፅ ለብቻው የተለየ ፊደል የለውም። ዛመንሆፍ ግን በ«ስ» ፊደል ራስ ላይ እንደ ትንሽ ቆብ ያለ ምልክት አኑሮ «ሽ» አደረገው። ፀሐይን «ሱኖ» ብሎ ሲጽፍ ፊደሉ ያለ ቆብ ነው፤ ጫማን «ሹኦ» ብሎ ሲጽፍ ፊደሉ ቆብ አለው። ይህ ብልሃት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ የ«ሸ» ድምፅ የለም፤ አማርኛን መጻፍ የጀመሩ አባቶቻችን ግን የ«ሰ»ን ራስ ላይ ሠረዝ ጨምረው «ሸ»ን አወጡ። እንዲሁም ከ«ተ» «ቸ»ን፥ ከ«ነ» «ኘ»ን፥ ከ«ደ» «ጀ»ን፥ ከ«ዘ» «ዠ»ን አወጡ። ፊደል አነሰን ብለው ቃሉን አላጣመሙም፤ በነበረው ላይ ጥቂት ጨመሩ እንጂ።

ነገር ግን ቆብ ያላቸው ፊደላት በብዙ ማተሚያ ቤት አይገኙም ነበርና ብዙ ሰው አጕረመረመ። በ1894 ዓመት ዛመንሆፍ ራሱ እነዚህን ፊደላት የሚያስቀር፥ ሌላም ብዙ ነገር የሚለውጥ አሳብ አቀረበ። ቋንቋው የእጁ ሥራ ሲሆን «እኔ አዝዣለሁ» አላለም፤ ቋንቋውን የተማሩትን ሰዎች ጠየቀ። የሚበዙት «አይለወጥ» አሉ፤ እርሱም ፈቃዳቸውን ተቀበለ።

በእኔ አሳብ ዛመንሆፍ ከሠራው ሥራ ሁሉ ይህ ያማረ ነው። ጽሕፈት ለሕዝብ ከተሰጠ በኋላ ሁሉ እንደሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገዱን የጠረገው ሰው እንኳ መንገደኞችን ሳይጠይቅ ሊዘጋው አይገባውም። ፊደል ቃሉን እንዲጠብቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ራሱ ቃሉን ይጠብቅ።

ስለ ራሳችን ፊደልም ጥቂት ልናገር። «ሀ»፥ «ሐ»፥ «ኀ» በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ «ሰ» እና «ሠ»ም እንዲሁ። ስለዚህ «ትርፎቹ ይጣሉ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ለመጣል አልቸኵልም፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ወይም በራ ማለት ነው፥ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነውና። ፀሐይን ከሌባ የሚለያት ያ አንድ ፊደል ነው። ደግሞም «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፥ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ የእኛም ፊደል ቃሉን በሁሉ ስፍራ አይጠብቅም። ይህን ለተማሪ መሰወር አይገባም። «በዚህ ስፍራ ለአንድ ድምፅ ሁለት ፊደል አለ፥ በዚያ ስፍራ ለአንድ ጽሕፈት ሁለት ንባብ አለ» ብሎ እውነቱን መንገር ይገባል። ፊደል ያሳሳተውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መስደብ ግን ግፍ ነው። በዚህ ምክንያት አፍሮ መጽሐፉን የዘጋ ልጅ ዳግመኛ ላይከፍተው ይችላል።

የቀና ጽሕፈትም ብቻውን ልብን አያቀናም። ዛመንሆፍ ቋንቋው ሰዎችን ያስታርቃል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን በ1914 ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣ፥ እርሱም ጦርነቱ ሳይፈጸም በ1917 ዓመት በዋርሶ ሞተ። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ናዚዎች ሦስቱን ልጆቹን አይሁድ ስለ ሆኑ ገደሉአቸው። ገዳዮቹ ፊደልን ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ኤስፔራንቶ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም በልዩ ልዩ አገር የሚናገሩት ሰዎች አሉ፥ ከወላጆቻቸው የሚማሩት ልጆችም አሉ።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ስትጽፉ የምታነበውን ወይም የሚያነበውን ሰው አስቡ፤ በሩቅ ያለ ሰው «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቃችሁ አይችልምና ፊደላችሁን ለይታችሁ አጥርታችሁ ጻፉ። ባልንጀራችሁ ሲያነብ ቢሰናከል አትሣቁበት፤ ያሰናከለውን ፊደል አሳዩት። ከሁሉም ይልቅ በአፋችሁ ያለው በሥራችሁም ይገኝ። ፊደሉ ቀንቶ ሰውዬው ጠማማ ከሆነ ምን ይጠቅማል?