የሮኬትን ዱካ ከተፈጥሮ ረብሻ ለመለየት

ሮኬት በሚያልፍበት የአዮኖስፌር ክፍል የኤሌክትሮኖች ብዛት ይቀንሳል። ከሞተሩ የሚወጡት የውኃ ትነትና ሃይድሮጂን ከኦክስጅን አዮኖች ጋር ተዋሕደው ሞለኪውላዊ አዮኖችን ይፈጥራሉ፤ እነዚህም ኤሌክትሮኖችን ፈጥነው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብን ያመጠቀው ሳተርን 5 ያስከተለው ጉድለት በዚሁ መንገድ ተብራርቷል፤ በ2017 ፎርሞሳት-5ን የተሸከመው ፋልኮን 9ም 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድለት ፈጥሯል።

ጥናቱ ማምጠቂያ ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ያለ አንዳች ሮኬት የፕላዝማ አረፋዎች ይፈጠራሉ። በጂፒኤስ ምልክት ላይ ሁለቱም ጉድለት ሆነው ስለሚታዩ፣ የተፈጥሮውን መልክ አስቀድሞ ያላወቀ ተመራማሪ አንዱን በሌላው ስም ሊመዘግብ ይችላል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ቀዳሚው ሥራችን መነሻ መረጃ ማደራጀት ነው። በአዲስ አበባ የመግነጢስ ምልከታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ ጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለችው አምበር፣ ባለሁለት ድግግሞሽ የጂፒኤስ መቀበያ ቢተከል ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የምልከታ መስመር ይኖረናል። በመስመሩ አቅጣጫ የተዘረጋ አረፋ በጣቢያዎቹ በተቀራረበ ጊዜ ይታያል፤ ከሰሜን ወይም ከደቡብ የሚመጣ ሞገድ ግን በየተራ ይደርሳል።

መቀበያ መትከል ብቻውን አይበቃም። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያበቃ የሚቋረጥ ምዝገባ መነሻ መረጃ አይሆንም። ጣቢያውን የሚጠብቅ ተቋምና መረጃውን ለቀጣዩ ተማሪ የሚያስረክብ ሥርዓት ከመሣሪያው ጋር አብረው ሊታቀዱ ይገባል።