ያልተነበበውን መጽሐፍ አነበብነው ስለሚሉ ሰዎች

በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ቤይኔኪ በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 408 የሚል ቍጥር የተሰጠው አንድ የብራና መጽሐፍ ይገኛል። ቁመቱ ከ24 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ገጾቹም 240 ያህል ናቸው። የማይታወቁ ዕፅዋት፣ የከዋክብት ክበቦችና በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ የሚታጠቡ ሴቶች ተሥለውበታል። በሥዕሎቹ ዙሪያ የተጻፈውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሌላውን በሚያሳምን መንገድ ያነበበው ሰው የለም፤ ፊደሉም በሌላ በማናቸውም መጽሐፍ ላይ አልተገኘም። ዊልፍሪድ ቮይኒች የተባለ ፖላንዳዊ የመጻሕፍት ነጋዴ በ1912 ዓ.ም. (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሮማ አጠገብ ከኢየሱሳውያን ማኅበር ስለ ገዛው፣ መጽሐፉ በእርሱ ስም ይጠራል።

ገጾቹ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ያለ ክፍያ የሚታዩ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ወደ እኛም ትምህርት ቤት ደርሷል። በዚህ ዓመት በክፍላችን ሦስት ጓደኞቼ ሦስት ልዩ ልዩ ንባብ ይዘው መጥተዋል። አንደኛው የመድኃኒት መጽሐፍ ነው ይላል፤ ሁለተኛይቱ ጸሎት ነው ትላለች፤ ሦስተኛው የወርቅ አሠራር ምስጢር ነው ብሎ ይምላል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሦስቱም ሐሰት ሊሆኑ ግን ይችላሉ። እኔ በመሞከራቸው ቅር አልተሰኘሁም። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የንባባቸውን ማረጋገጫ ከገዛ ራሳቸው መጠየቃቸው ነው።

በዚህ ጕድጓድ የወደቀ ሁሉ ሰነፍ ወይም አላዋቂ እንዳይመስላችሁ የዊልያም ኒውቦልድን ነገር ላንሣ። ኒውቦልድ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር፣ ግሪክኛና ላቲን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1921 ዓ.ም. መጽሐፉን አነበብሁት ብሎ አስታወቀ። በአጉሊ መነጽር ሲመለከት፣ እያንዳንዱ ፊደል ከብዙ ደቃቅ ጭረቶች የተሠራ ሆኖ አገኘው፤ ጭረቶቹንም የጥንት ግሪኮች ለፈጣን ጽሕፈት ይጠቀሙባቸው የነበሩ ምልክቶች ናቸው አለ። ምልክቶቹን ወደ ላቲን ፊደል ለወጠ፤ ከዚያም ፊደላቱን ወዲያና ወዲህ እያዘዋወረ ቃል ሠራባቸው። በዚህም መንገድ ደራሲው እንግሊዛዊው መነኵሴ ሮጀር ቤከን እንደ ሆነና፣ ቴሌስኮፕ ተሠራ ከተባለበት ዘመን ብዙ አስቀድሞ አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ያለውን ጠምዛዛ ደመና እንዳየ አነበበ። ብዙ ሊቃውንትም አመኑት።

ኒውቦልድ በ1926 ዓ.ም. ሞተ፤ ያዘጋጀውንም ሥራ ወዳጁ በ1928 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመለት። ከዚያ በኋላ ጆን ማንሊ የተባለ ሌላ ወዳጁ ተነሣ። ማንሊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የምስጢር ጽሕፈት ይፈታ የነበረ፣ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ነው። በ1931 ዓ.ም. ባሳተመው ረዥም ጽሑፍ፣ እነዚያ ደቃቅ ጭረቶች የማንም እጅ የሠራቸው ምልክቶች እንዳልሆኑ አስረዳ። ቀለሙ በሸካራው ብራና ላይ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ነው እንጂ! ፊደል ማዘዋወሩም ቢሆን ልክ ስለሌለው፣ ከአንድ መሥመር ብዙ የተለያየ ንባብ ማውጣት ይቻላል። ኒውቦልድ አታላይ አልነበረም። የሚፈልገውን እያሰበ ስለ ተመለከተ፣ የሚፈልገውን አየ። በ2009 ዓ.ም. የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብራናውን በካርቦን ሲመረምሩት ከ1404 እስከ 1438 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ማለት ቤከን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። የሞተውን ወዳጁን ሥራ በአደባባይ ማፍረስ ለማንሊ ቀላል ነገር የነበረ አይመስለኝም።

ፊደል የማዘዋወርን አደጋ በገዛ ቋንቋችን መፈተን እንችላለን። ገ፣ በ፣ ረ የሚሉትን ሦስት ተነባቢዎች ብቻ ያዙ፤ አናባቢውን እኔ እንደ ፈቀድሁ ልጨምር፤ ቅደም ተከተሉንም ልለዋውጥ። ገበሬ፣ ግብር፣ ገባር፣ ርግብ፣ ረገበ፣ በግራ፣ ባገር ሁሉም ከዚያው ይወጣሉ። እንግዲህ እነዚህ ሦስት ፊደላት ሁለት ጊዜ ተከታትለው ቢጻፉ፣ አንዱ «ግብር ረገበ» ብሎ ያነባል፤ ሌላው «ርግብ በግራ» ይላል። ግብር እንዴት ይረግባል ብትሉት፣ የጥንት አነጋገር ስለ ሆነ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ይህ መልስ በእኔ አስተያየት ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ንባቡ ባነከሰ ቍጥር ጥፋቱን ወደ ደራሲው ያዞረዋል። የቅኔ መምህር እንኳ ተማሪው ወርቁ ይህ ነው ቢለው፣ ሰሙ ካልተሸከመው አይቀበለውም።

ከሥዕል የሚነሡም አሉ። በ1944 ዓ.ም. አንድ የዕፅዋት ሊቅ ከሥዕሎቹ አንዱ የሱፍ አበባ ነው አለ። የሱፍ አበባ ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ከተጓዘ በኋላ የተጻፈ መሆን ነበረበት። የብራናው ዕድሜ ግን ከዚህ ጋር አይስማማም። ሌሎች ደግሞ አሥር ቃል አንብበው የቀረውን ለወደፊቱ ይተዋሉ። በ2019 ዓ.ም. አንድ ተመራማሪ ምስጢሩን በሁለት ሳምንት ፈታሁት ሲል፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ወሬውን አወጣ፤ ሊቃውንት ቢቃወሙት ግን ወዲያው መልሶ አነሣው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የጽሑፉን ጠባይ አስቀድሞ ያጠና ሰው እንዲህ አይቸኵልም። አንዳንዱ ፊደል ከቃል መጀመሪያ በቀር አይገኝም ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱም ከመጨረሻው በቀር። አንድ ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተደጋግሞ ይጻፋል። ፕሬስኮት ከሪየር የተባለው ሰው በ1976 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ጽሑፉ ጠባያቸው በተለየ በሁለት ዐይነት አጻጻፍ የተከፈለ ነው። ጸሎት ነው ለምትለው እኅታችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህን ሁሉ ያንቺ ቁልፍ እንዴት ያስረዳዋል? ምናልባትም ጽሑፉ ከነጭራሹ ትርጕም የሌለው ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ ይህንንም ለማሰብ ድፍረት ያስፈልጋል።

አንዳንድ አንባቢ፣ ታዲያ ሊቅ ያልሆነ አይንካው ማለትህ ነውን ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። የቀርጤስን ጥንታዊ ጽሕፈት፣ ሊኒየር ቢ የሚባለውን፣ በ1952 ዓ.ም. የፈታው ማይክል ቬንትሪስ ሥራው የሕንፃ ንድፍ ማውጣት ነበር። እርሱም ብዙ ዓመት ቋንቋው ኤትሩስክኛ ነው ብሎ ሲገምት ኖሯል፤ ነገር ግን ሥራውን በየጊዜው እየጻፈ ለሊቃውንት ይልክ ነበር፤ ምልክቶቹ ወደ ግሪክኛ ሲመሩትም የድሮ ግምቱን ተወ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካርል ብሌገን የተባለው አሜሪካዊ የጥንታዊ ቅርስ ቆፋሪ በፒሎስ ያገኘውን፣ ቬንትሪስ ከቶ አይቶት የማያውቀውን የሸክላ ሰሌዳ በ1953 ዓ.ም. በቬንትሪስ ቁልፍ አነበበው። ባለ ሦስት እግር ዕቃ በተሣለበት ዘንድ ቃሉ «ባለ ሦስት እግር» ሆነ፤ አራት ጆሮ ያለው ማድጋ በተሣለበት ዘንድ «ባለ አራት ጆሮ»፤ ጆሮ በሌለውም ዘንድ «ጆሮ የሌለው»። ሰሌዳውን ያነበበው ሌላ ሰው ነው፤ ቬንትሪስ በአጠገቡ ቆሞ ፊደል አላዘዋወረለትም።

ስለዚህ ለሦስቱ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቁልፉን ከነደንቡ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና በፖስታ አሽጎ ለሒሳብ መምህራችን ያስረክብ። እርሳቸው ከመጽሐፉ ገጾች አንዱን በዕጣ ያወጣሉ። ከሌላ ክፍል የተመረጡ ሁለት ተማሪዎች ያንኑ ገጽ በዚያው ቁልፍ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ያንብቡት፤ ከዚያም ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ይቀመጡ። መምህራችን ዕጣውን ለማውጣት ፈቅደውልናል። ከሦስቱ ሁለቱ እሺ ብለዋል፤ ባለ ወርቁ ግን ምስጢሬ ይወጣብኛል በማለት እስካሁን እያመነታ ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ እንዲታተም ለአዘጋጆቹ ከወዲሁ አመልክቻለሁ።