ጫማ ጠራጊው ብቻውን አልወጣም

ከጥቂት ቀን በፊት ማታ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተጀመረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ መድረሻው ግን ጉራጌ ሆነ። አንዱ ጓደኛችን፥ ምስጋና መስሎት፥ «ጉራጌ ማንንም አልለመነ፤ በሊስትሮ ጀምሮ ባለ ሱቅ ሆነ፤ ሌላውም እንደርሱ ቢሠራ ኖሮ ድኽነት የሚባል ነገር ባልኖረ» አለ። እኔ የእምድብር ልጅ ነኝና ሁሉም ደስ እንዲለኝ ጠብቆ ፊቴን አየ። ደስ አላለኝም። ለምን እንዳላለኝ በዚያች ሌሊት አጥርቼ ልናገር ስላልቻልሁ እነሆ በጽሑፍ አመጣሁት።

ይኽ ተረት በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካኖች ቀድመው ጽፈውታል። በ1868 (የውጭውን ዘመን በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሆሬሺዮ አልጀር የሚባል ደራሲ «ራግድ ዲክ» የተሰኘ ልብ ወለድ በመጽሐፍ አወጣ። ባለታሪኩ በኒው ዮርክ ጎዳና ጫማ የሚጠርግ ቡትቷም ልጅ ነው። ልጁ ይቆጥባል፤ ማንበብ ይማራል፤ በመጨረሻም ንጹሕ ልብስ ለብሶ ጸሐፊ ይሆናል። መጽሐፉ እጅግ ተወደደ፤ ደራሲውም ያንኑ ታሪክ ስም እየለወጠ ብዙ ጊዜ ጻፈው። ነገር ግን አንባቢ መጨረሻውን ልብ ብሎ ይመልከት። ዲክ ጸሐፊ የሆነው ስለ ቆጠበ ብቻ አይደለም። ከጀልባ ላይ ውሃ ውስጥ የወደቀውን የአንድ ሀብታም ልጅ ዘሎ ስላወጣ፥ አባትየው በሳምንት 10 ዶላር ስለ ቀጠረው ነው። ለመሆኑ ጫማ ጠራጊው ሁሉ ከድኽነት እንዲወጣ ስንት የሀብታም ልጅ ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ነው?

እውነተኛው የዚያ ዘመን አሜሪካ ሌላ ነበር። በ1869 የባቡር ሐዲድ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አገናኘ፤ ፋብሪካው በዛ፤ ከ1870 እስከ 1900 ባለው ጊዜ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ከባሕር ማዶ ገባ። አብዛኛው መሬት የጠበበው ገበሬ ነበር። በኒው ዮርክ አየርና ብርሃን በሌለበት ክፍል ታጭቆ ኖረ፤ ራሱ ከዴንማርክ በስደት የመጣው ጋዜጠኛ ጄኮብ ሪስ በ1890 ይኽን ኑሮ ከነፎቶግራፉ በመጽሐፍ አውጥቶ ከተማውን አሳፈረ። በዚያች ከተማ ጫማ ሲጠርጉ ከሚታዩት ልጆች ብዙዎቹ ጣልያኖች ነበሩ። እኛም «ሊስትሮ» የምንለውን ቃል ያገኘነው ከጣልያንኛ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

እነዚያ ልጆች የሀብታም ልጅ ውሃ ውስጥ እስኪወድቅላቸው አልጠበቁም። በ1898 ከእስፓኝ ጋር ጦርነት በሆነ ጊዜ የጋዜጣ ባለቤቶች ለአዟሪ ልጆች የሚሸጡበትን ዋጋ በ100 ጋዜጣ ከ50 ወደ 60 ሳንቲም አወጡት። ጦርነቱ ሲያልቅ የፑሊትዘርና የኸርስት ጋዜጦች ዋጋውን አልመለሱም። በሐምሌ 1899 የኒው ዮርክ ጋዜጣ አዟሪዎች ተማምለው የሁለቱን ጋዜጣ አንሸጥም አሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ጸኑ። ዋጋው ባይወርድም ሳይሸጥ የቀረውን ጋዜጣ ባለቤቶቹ መልሰው እንዲገዙ አስገደዱ። ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። የሐሰን ኢንጃሞ ጦር በራስ ጎበና ተሸንፎ ምዕራብ ጉራጌ ለምኒልክ የገበረው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። እንግዲህ የሲሲሊ ገበሬ ወደ ኒው ዮርክ በመርከብ ሲጫን፥ የቸሃው ገበሬ ደግሞ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ጀመረ። ከወልቂጤ ብቻ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእምድብር ሰው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። መሬቱ ጠባብ፥ ግብሩ ከባድ ነበር። ከተማ ገብቶ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እንጨት ፈለጠ፤ ሸክም ተሸከመ። ሽማግሌዎቻችን እንደሚነግሩን ዕቃ ያለው ሰው ተሸካሚ ሲፈልግ «አንተ ጉራጌ!» ብሎ ይጣራ ነበር። የሕዝብ ስም የሸክም ስም ሆነ ማለት ነው። ጓደኛዬ ዛሬ ምስጋና አድርጎ የሰጠኝ ስም ትናንት ስድብ እንደ ነበር አያውቅም።

ታዲያ በምን ወጣ? የመጀመሪያዋ ከአገር ቤት ያልወጣችው ሴት ናት። እንሰቱን ተክላ፥ ፍቃ፥ ቆጮውን ቀብራ ልጆች ያሳደገች እርሷ ናት፤ እርሷ ባትኖር ወንዱ አዲስ አበባ አንድ ወር ባልተቀመጠ። ሁለተኛው ቀድሞ የገባው ለኋለኛው መደብ ላይ ቦታ ማካፈሉ ነው። ሦስተኛው እቁብ ነው። ከባንክ ደጅ የማይደርስ ሰው ከመሰሎቹ ጋር ሳንቲም አዋጥቶ በተራው ሱቅ የከፈተው በእቁብ ነው። በመስቀልም ሁሉም ወደ አገሩ ገብቶ ክትፎውን ሲቀምስ፥ ሒሳቡ የሚታየው፥ ችግረኛው የሚታወቀው፥ ወደ ከተማ የሚሄደው ልጅ ለዘመድ አደራ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መንገዱን እናስብ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች፥ ባለ ሱቁም ተሸካሚውም፥ በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ አዋጡና መንግሥት ያልደረሰበትን የአገራቸውን መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ወልቂጤን ከእምድብር ያገናኘው መንገድ የዚያ መዋጮ ፍሬ ነው። እኔ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ በአውቶቡስ ተቀምጬ ያለፍሁት ስሙን በማላውቀው ሊስትሮ ሳንቲም ላይ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ብቻውን የወጣ የለም።

የአንድ ሰው ጥረት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሰነፍ እቁብ አይጥልም። ነገር ግን «እርሱ ከቻለ አንተስ?» የሚለው ንግግር ያልቻለውን ከመውቀስ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ መሰላሉ ለማን እንደ ተዘረጋ፥ ከማን እንደ ተነሣ አይጠይቅም። አሜሪካ ዲክን ስታሞግስ በ1882 ለቻይና ሠራተኛ በሯን በሕግ ዘጋች። በ1896 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁሩ በባቡር ከነጭ ተለይቶ ይቀመጥ የሚለውን ሕግ አጸደቀ። ጥቁሩ አልሠራ ብሎ ነበርን?

እዚህ ላይ በሰው ከመፍረድ በፊት ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ዊልያም ሻክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር በቸሃ ተቀምጦ አጥንቶ በ1966 ስለ ጉራጌ መጽሐፍ አሳትሟል። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ «ፉጋ» እያልን የምንለያቸው የዕንጨት ሥራ ባለሙያዎች ኑሮ ነው። የቤታችንን ምሰሶ የሚያቆሙልን እነርሱ ሲሆኑ፥ መሬቱን ቢነኩት ፍሬ ያጣል ተብለው እርሻ ተከልክለው ኖረዋል። ዛሬ ሕግ ባይፈቅደውም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። «አንተ ጉራጌ!» ተብሎ የተጠራ ሕዝብ፥ «አንተ ፉጋ!» ሲል እንዴት አላፈረም? በመዋጮ መንገድ የሠራ ማኅበር ማዕዱን ሙሉ ካላደረገ ሥራው ግማሽ ነው።

እንግዲህ ክርክሩን በቃል ብቻ እንዳንተወው አንድ ነገር ለኅብረታችን አቀርባለሁ። በግቢያችን በር ላይ በየቀኑ ጫማችንን የሚጠርጉ ልጆች አሉ። ስማቸውን ከማወቅ ይልቅ «ማነህ ሊስትሮ!» ማለት ይቀናናል። ኅብረቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የመማሪያ ክፍል ያስፈቅድ፤ ከየፋኩልቲው ፈቃደኛ ይመዝገብ፤ ንባብና ሒሳብ እናስተምራቸው። እነርሱም የሚያስተምሩን ይኖራል፤ እቁብ ሳይፈርስ የሚኖርበትን ዘዴ ከእኛ ማኅበራት ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ይኽን ጽሑፍ ሳያነብ በምስጋና የሚያልፈኝ ጓደኛ ካለ፥ ምስጋናውን ይያዝና ቅዳሜ ይምጣ።