አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በኦንላይን የሚማሩ ተማሪዎች ከቶ ሊቀራረቡ አይችሉም የሚል ጽሑፍ ታትሞ አነበብኩ። ጸሐፊው የተማሪውን ብቸኝነት ማየታቸው ትክክል ነው። ጥፋቱን በስክሪኑ ላይ መጫናቸው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ካሜራውንም ማይኩንም ዘግቶ ስላይድ ብቻ የሚያይ ተማሪ ብቸኛ ነው፤ አልክድም። በታጨቀ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንንም ሳያነጋግር የሚወጣውስ? የትምህርት ተመራማሪው ቪንሰንት ቲንቶ ከትምህርት ተቋሙ ማኅበረሰብ ጋር አለመዋሃድ ተማሪን ትምህርት ለማቋረጥ እንደሚዳርግ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ፣ የሚናገረው ስለ ካምፓስ ተማሪ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ብቻ በሚደረግ ውይይትም ተማሪዎች እውነተኛ ማንነታቸውን ይዘው ሊገናኙ እንደሚችሉ አስረድተዋል።

በአገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ብዙ ተማሪዎች ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ዞሩ። አንዱ ያቃተውን ጥያቄ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ሌላው ደብተሩ ላይ ሠርቶ ይመልስለታል፤ ሦስተኛዋ በድምፅ ታብራራለች። ይህ መቀራረብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስልክም ኔትወርክም ያጣው ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ተገልሏል፤ ጸሐፊው ሊጮሁለት የሚገባው ለእሱ ነበር።

መቀራረብ የሚመጣው አብሮ በመሥራት ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጎ በቋሚ ቡድን ያደራጅ፤ በጋራ የሚያስረክቡት ሥራ ይስጣቸው፤ የጠፋውን በስሙ ጠርቶ ይፈልግ። ይህን ሳይሞክሩ ኦንላይን ትምህርትን መኮነን ተማሪውን ለብቸኝነቱ ትቶ መሄድ ነው።